ሪዝ ያላት፣ ጢም የሌላት፦ የኢትዮጵያን ሎች ለይቶ የማወቅና የመመደብ መመሪያ

ከወንዝ ድንጋይ ሥር የወጣች፣ ከአመልካች ጣት የማትረዝም፣ ገላዋ ዝንጉርጉር የሆነ ዓሣ በነጭ ሳሕን ውሃ ውስጥ ስትቀመጥ፣ ሳሕኑን የከበበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የአምባዛ ጫጩት ናት» ብሎ ይደመድማል። አፏ አጠገብ የተንጠለጠሉትን ቀጫጭን ክሮች አይቶ ነው። ግምቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ባየኋት ቀን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «አምባዛ፣ ትንሽ» ብዬ ጽፌ፣ የሰረዝኩት ማታ በማጉያ መነጽር ካየኋት በኋላ ነበር። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለች ዓሣ እጅ ስትገባ ስሟ ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረስ ያስረዳል።

ሎች በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ትንንሽ ዓሦች በአብዛኛው የእስያና የአውሮፓ ወንዞች ነዋሪዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኔማኬይሊዴ የተባለው አስተኔ፣ ማለትም ተቀራራቢ ወገኖች የሚሰበሰቡበት ቤተሰብ፣ ብቻውን ከ600 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ግን የዚህ አስተኔ አባላት የሚታወቁት ከኢትዮጵያ ውሃዎች ሲሆን፣ ወገናቸው፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ቡድን፣ አፍሮኔማኬይሉስ ይባላል። ስሙ ከግሪክኛ የተገጣጠመ ነው። «ኔማ» ክር፣ «ኬይሎስ» ከንፈር ማለት ስለሆነ፣ ወገኑን በአማርኛ «የአፍሪካ ባለ ክር ከንፈር» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ዝርያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ ያስተዋወቀው በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ነው። ኤድዋርድ ዴገን ከሀገራችን ሰብስቦ ከወሰዳቸው ዓሦች መካከል የጣናዋን ሎች እ.ኤ.አ. በ1902 ኔማኪሉስ አቢሲኒኩስ ብሎ ሰየማት። በ1994 ዓሣዋ በኢትዮጵያ ውስጥ ያላትን ስርጭት የሚመለከት ጽሑፍ ታተመ፤ በ2009 አፍሮኔማኬይሉስ የተባለው ወገን ተመሠረተላት፤ በ2013 ደግሞ ፕሮኮፊየቭና ጎሉብትሶቭ የተባሉ ሩሲያውያን ተመራማሪዎች ወገኑን እንደገና መርምረው፣ ከኦሞ ቱርካና ተፋሰስ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አፍሮኔማኬይሉስ ካፋ በሚል ስም ራሱን የቻለ ዝርያ አደረጓቸው። ከመጀመሪያው ስያሜ እስከዚህ ድረስ 111 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሀገሪቱ ሎች የተባለ ዓሣ ቢያዝ ያለው ስም አንድ ብቻ ስለነበር፣ «ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች» ማለት በቂ መስሎ ይታይ ነበር። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህንኑ አቋራጭ ነው፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራርም ዓሣዋ ራሷ ሳትታይ ስሟ እንዳይጻፍ ለማድረግ የታሰበ ነው።

ከመውጣት በፊት

ፈቃድ ቀዳሚው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ውሃዎች ዓሣ ማጥመድን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይገዛዋል፤ ናሙና ወይም ለዘረ መል ምርመራ የሚሆን ቁራጭ ሥጋ ወደ ውጭ ሀገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለሚያገባው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው። በውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻችን ክረምት ላይ መጥተው ጥቂት ጠርሙስ በሻንጣ ይዘው ለመመለስ ሲያስቡ ይህን ይዘነጉታል። ያለ ፈቃድ የወጣ ናሙና የቱንም ያህል ቢመረመር የሚታመን መጽሔት አይቀበለውም።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የእጅ መረብ፣ ነጭ ሳሕን፣ ጎኖቹ ጠባብ የሆኑ የመስታወት ገንዳ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ፣ መርፌና ወረንጦ፣ አፋቸው ሰፊ የሆነ ጠርሙሶች፣ ፎርማሊን፣ አልኮል፣ የቅርንፉድ ዘይት፣ ጠንካራ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ። የገበያ ዓሣ አጥማጆች መረብ ለዚህ አይሆንም፤ ቀረሶና ነጭ ዓሣ ለመያዝ የተሠራ ስለሆነ ሎች በአንዱ ዓይኑ ገብታ በሌላው ትወጣለች። ሐይቁን ዕድሜ ልኩን ያጠመደ ሰው ይህችን ዓሣ አይቻት አላውቅም ቢል ሊያስገርም አይገባም።

አያያዝና አጠባበቅ

ሎች የታች ነዋሪ ናት። ውሃው በጠጠርና በድንጋይ መካከል እየተንደረደረ በሚያልፍበት ስፍራ፣ መረቡን ከድንጋዩ በታች፣ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ አስደግፈው ያቁሙ፤ ከዚያም ድንጋዩን በእጅ ወይም በእግር ቀስ ብለው ያናውጡት። ፈሳሹ ራሱ ዓሣዋን ወደ መረቡ ያመጣታል። የተፈለገውን ካገኙ በኋላ ድንጋዩን ወደ ነበረበት ይመልሱት፣ ከሥሩ የሚኖሩት ሌሎች ፍጥረታት ብዙ ናቸውና። በብዙ አካባቢ የሚታወቀውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የመበተን ዘዴ ግን በፍጹም አልመክርም። ብርብራ የተፈለገውንም ያልተፈለገውንም አንድ ላይ ያሰክራል፤ አንዲት ዓሣ ለመመርመር የአንድ ጅረት ጫጩት ሁሉ አይፈጅም።

ዓሣዋ እንደተያዘች በሕይወት ሳለች በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ አድርገው የግራ ጎኗን፣ ጀርባዋንና አፏን ከታች በኩል ፎቶግራፍ ያንሷት። የግራ ጎን የሚመረጠው በዓለም ዙሪያ የዓሣ መግለጫዎች በዚያ ጎን ስለሚዘጋጁ ለማነጻጸር እንዲመች ነው። ፎቶግራፉ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ፎርማሊን ቀለምን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደበዝዛል። ከጎኗ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ ማኖርም አይዘንጋ።

ናሙና ሆነው የሚቀሩት ከአንድ ስፍራ ከአምስት እስከ አሥር ቢሆኑ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ የቀሩት ወደ ውሃው ይመለሱ። ለናሙና የተመረጡትን ሳያሰቃዩ ለመግደል የቅርንፉድ ዘይት በጥቂት አልኮል በጥብጠው ውሃው ውስጥ ይጨምሩ። ዘይቱ ብቻውን ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ ነው አልኮሉ የሚያስፈልገው። የስንጥቧ እንቅስቃሴ ከቆመ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ እዚያው ትቆይ። ከዚያ ፎርማሊን ሳይነካት በፊት ከቀኝ ጎኗ ትንሽ ሥጋ ወይም የቀኝ የደረት ክንፏን ቆርጠው 95 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ለብቻው ያስቀምጡ፣ ፎርማሊን ዘረ መልን ያበላሻልና። ዓሣዋ ደግሞ 10 በመቶ በሆነ ፎርማሊን፣ ማለትም አንድ እጅ ከገበያ የተገዛው ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት፣ ቀጥ ብላና ክንፎቿ ተዘርግተው ለጥቂት ቀናት ትቀመጣለች። ተጣጥፋ የደረቀች ዓሣ ኋላ ላይ ልትለካ አትችልም። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥባ ወደ 70 በመቶ አልኮል ትዛወራለች። የፎርማሊን ትነት ለዓይንም ለሳንባም ጎጂ ስለሆነ ይህ ሁሉ ነፋስ በሚገባበት ስፍራና በጓንት ይሠራ።

መለያ ወረቀቱ ጠርሙሱ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ከዓሣዋ ጋር ይገባል፤ የሚጻፈውም በእርሳስ ነው። ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ስብስብ በእስክሪብቶ በተጻፈ ወረቀት አስቀምጬ፣ በሳምንቱ ጠርሙሶቹን ስከፍት አልኮሉ ሰማያዊ ሆኖ ወረቀቶቹ ደግሞ ባዶ ሆነው አገኘኋቸው። ዓሦቹ ደህና ነበሩ፤ ከየት እንደመጡ ግን የሚነግረኝ ስላልነበረ ከመጣል ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። በወረቀቱ ላይ የወንዙ ስም፣ ወንዙ የሚገባበት ተፋሰስ፣ በጂፒኤስ የተወሰደ መገኛ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስምና የመያዣው ዘዴ ይጻፍ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.»፣ ካልሆነ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት ቀላል መስሎ የሚዘነጋ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያሳስት ጉዳይ ነው።

አስተኔውን መለየት፦ ከአፍ ይጀመራል

እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። ሪዝ ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚበቅለው ነው፤ ጢም ደግሞ ከአገጭ የሚወርደው። ሎችን ከአምባዛ የሚለየው ዋና ምልክት በዚህች ልዩነት ላይ ያረፈ ነው፦ ሎች ሪዝ እንጂ ጢም የላትም። ዓሣዋን በጀርባዋ አስተኝተው በማጉያው አፏን ሲመለከቱ፣ ሁለት ጥንድ ክሮች ከአፍንጫዋ ጫፍ፣ አንድ ጥንድ ደግሞ ከአፏ ማዕዘን ተነሥተው ሊታዩ ይገባል። በአጠቃላይ ስድስት ናቸው። አገጯ ግን ባዶ ነው። አምባዛ አራት ጥንድ ሲኖረው ከእነዚህ ሁለቱ ጥንዶች ከአገጩ ሥር ይወርዳሉ፤ የጀርባ ክንፉም ከጭንቅላቱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጅራቱ አጠገብ የሚዘልቅ ረጅም ነው። የሎች የጀርባ ክንፍ ግን አጭርና በጀርባዋ መካከል አካባቢ የቆመ ነው። ይህ በሰከንዶች ውስጥ የሚታይ ልዩነት በመሆኑ ከአምባዛ ጋር መምታታቱ ብዙ አያቆይም።

የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው። አምፊሊየስ የተባሉት ትንንሽ የተራራ ወንዝ ዓሦች ከአምባዛ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ የሚመደቡ ቢሆኑም ልክ እንደ ሎች ሦስት ጥንድ ክሮች አሏቸው። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ክር ቆጥሮ ብቻ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የክሮቹ መነሻ ግን ይለያል፦ በአምፊሊየስ አንዱ ጥንድ ከላይ መንጋጋ፣ ሁለቱ ከታች መንጋጋ ናቸው፤ ይህም ማለት ጢም አላቸው። በተጨማሪ ከጀርባ ክንፋቸው ኋላ፣ ወደ ጅራቱ አጠገብ፣ ዘንግ፣ ማለትም ክንፍን የሚደግፍ ቀጭን አጥንት፣ የሌለው ትንሽ የስብ ክንፍ ይታያል። ሎች ይህ የላትም። ኪሎግላኒስ የተባሉትም ይህ የስብ ክንፍ ሲኖራቸው፣ አፋቸው ክብ ሆኖ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ ስለሆነ አንዴ ያያቸው ሰው አይረሳቸውም።

ከነጭ ዓሣ ዘመዶች በኩል ደግሞ ጋራ የተባሉት አሉ። በጣናም በሌሎች ወንዞቻችንም በብዛት ይገኛሉ፤ እንደ ሎች ድንጋይ ላይ ያርፋሉ፣ አፋቸውም ወደ ታች የዞረ ነው። ልዩነታቸው ከታችኛው ከንፈር ኋላ ያለው የሥጋ ሰሌዳ ነው፤ በዚህ ሰሌዳ ድንጋይ ላይ ይጣበቃሉ። ክራቸው አጭርና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥንድ ነው፤ ቅርፊታቸውም ያለ መሣሪያ በግልጽ ይታያል። የነጭ ዓሣ ጫጩቶችና ኢንተሮሚየስ የተባሉት ትንንሽ ዓሦችም ከሁለት ጥንድ በላይ የላቸውም፤ ቅርፊታቸውም ትልልቅ ነው።

ስለ ቅርፊት ካነሣን አንድ ነገር ላክል። ብዙዎቻችን ስለ ዓሣ ቅርፊት የምንጠይቀው ከኦሪት ዘሌዋውያን «ክንፍና ቅርፊት» ከሚለው ቃል ተነሥተን ነው፣ አምባዛን የማይበላውም ሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ለምደባ ሥራ ግን «ቅርፊት የላትም» ብሎ በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም። በኔማኬይሊዴ አስተኔ ቅርፊት ሲኖር እጅግ ደቃቅና ቆዳ ውስጥ የተቀበረ ነው። ከጀርባ ክንፉና ከጅራቱ መካከል ያለውን ቆዳ በወረቀት አድርቀው፣ ብርሃን በጎን እያበሩ በማይክሮስኮፕ ይመልከቱት። እርጥብ ቆዳ ሁልጊዜ ባዶ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመረመረው የዓይን ሥር ነው። ኮቢቲዴ በሚባለው ሌላው የሎች አስተኔ ከዓይን ሥር የምትነሣና የምትታጠፍ እሾህ አለች፤ ኔማኬይሊዴ ይህች እሾህ የላቸውም። የመርፌ ጫፍ ከዓይኗ ኋላ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ፊት ሲስቡ መርፌው የሚይዘው ነገር ካለ እሾህ ናት። በኢትዮጵያ ወንዝ ውስጥ ይህ ምርመራ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጌጠኛ ዓሣ የሚያረባ ሰው የለቀቀው የእስያ ሎች በብዙ ሀገር ወንዝ ውስጥ ተገኝቷል። በተለይ ሚስጉርኑስ የተባለው የእስያ ሎች በአሜሪካም በአውስትራሊያም ተስፋፍቷል፤ እርሱ ግን አሥር ክሮች ስላሉት፣ ከታችኛው ከንፈሩም የሚወርዱ ስላሉ፣ በእኛ አነጋገር ሪዝም ጢምም አለው። በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ በዚሁ የመርፌ ዘዴ ባርባቱላ ባርባቱላ የተባለችውን እሾህ አልባ ሎች ኮቢቲስ ቴኒያ ከተባለችው ባለ እሾህ ሎች ሊለይ ይችላል። በአፍሪካ ውስጥም ኮቢቲስ ማሮካና የተባለች ባለ እሾህ ሎች በሞሮኮ ትገኛለች፤ ስለዚህ «የአፍሪካ ሎች» የሚለው ስም ብቻውን አስተኔውን አይነግረንም።

አስተኔው ራሱ በመጻሕፍት ውስጥ በተለያየ ስም እንደሚገኝ ማወቅ ይጠቅማል። በጥንቶቹ ጽሑፎች የእኛ ሎች በኮቢቲዴ ሥር ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በኋላ በታተሙት ደግሞ በባሊቶሪዴ ሥር፤ የዘረ መል ጥናቶች፣ በተለይ በ2007 የወጣው፣ ቅርንጫፎቹ የተለያዩ መሆናቸውን ካሳዩ ወዲህ ግን ኔማኬይሊዴ ራሱን የቻለ አስተኔ ሆኗል። ሦስት ጽሑፍ ሦስት አስተኔ ቢጠራ፣ የተለወጠው ምደባው እንጂ ዓሣዋ አይደለችም።

መቁጠርና መለካት

የክንፍ ዘንግ መቁጠር ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ክንፉን በመርፌ ዘርግተው ከሥር ብርሃን ያብሩበት። መጀመሪያ የሚታዩት ያልተከፈሉ ዘንጎች ናቸው፤ ከእነዚህ የፊተኞቹ በጣም አጭር ስለሆኑ ቆዳ ሥር ይደበቃሉ። ቀጥለው የሚመጡት ጫፋቸው እንደ ባላ የተከፈለው ናቸው። ሁለቱ ዓይነቶች ለየብቻ ተቆጥረው ለየብቻ ይጻፋሉ። በጀርባና በሆድ ኋላ ባሉት ክንፎች የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘንጎች ከአንድ ሥር የሚነሡ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን «ግማሽ» ብለው ስለሚጨምሩ፣ አንዱ መጽሐፍ 8 ሌላው 8½ ቢል ተመሳሳይ ክንፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተከተሉትን አቆጣጠር በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። አንድ ዓሣ ቆጥረው እንደጨረሱ ውጤቱን ሸፍነው በማግስቱ እንደገና ይቁጠሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ጊዜ ይቁጠሩ እንጂ አማካይ አይውሰዱ፤ የዘንግ አማካይ የሚባል ነገር ለአንዲት ዓሣ የለም።

ልኬቱ በካሊፐር ይወሰዳል። መነሻው መደበኛ ርዝመት የሚባለው፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት ክንፍ ሥር ያለው ነው፤ የጅራቱ ክንፍ አይጨመርም፣ ብዙ ጊዜ ይቀደዳልና። የክንፉ ሥር የት እንደሆነ ለማግኘት ጅራቱን ወደ ጎን ትንሽ ሲያጥፉት የሚሸበሸበው መስመር ያሳያል። ከዚያ የጭንቅላት ርዝመት፣ የገላ ቁመት፣ የጅራት ግንድ ርዝመትና ቁመት፣ የዓይን ስፋት፣ በዓይኖች መካከል ያለው ርቀት፣ ከአፍንጫ እስከ ጀርባ ክንፍ መነሻ ያለው ርቀት ይለካሉ። ትንሽና ትልቅ ዓሣ ለማነጻጸር ሁሉም ወደ መቶኛ ይለወጣል። ለምሳሌ መደበኛ ርዝመቷ 42.0 ሚሊ ሜትር፣ ጭንቅላቷ 9.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የጭንቅላቷ ድርሻ 22.9 በመቶ ነው።

በዚህ ምሳሌ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ትንንሽ ዓሦችን የሚያሳስተው ነገር እዚህ አለ። እጃችን በ0.3 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ በ9.6 ሚሊ ሜትር ጭንቅላት ላይ ስሕተቱ 3 በመቶ ያህል ነው፤ በ1.8 ሚሊ ሜትር ዓይን ላይ ግን ከ16 በመቶ ይበልጣል። «ዓይኗ ትልቅ ነው» ተብሎ በዚህ ልዩነት ላይ አዲስ ዝርያ ቢመሠረት የተለካው የሰውየው እጅ እንጂ ዓይኗ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ትንንሽ አካላት በማይክሮስኮፕ ውስጥ ባለ ልኬት እንጂ በካሊፐር የማይለኩት።

ከቁጥሮቹ በተጨማሪ በመግለጫ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ። የጎን መስመሩ፣ ማለትም ዓሣ የውሃን እንቅስቃሴ የሚሰማበት የቀዳዳዎች ረድፍ፣ እስከ ጅራት ይዘልቃል ወይስ ገላ መካከል ይቆማል? በቀጭን ሲሪንጅ አየር ሲነፋበት ቀዳዳዎቹ ይገለጣሉ። የጅራቱ ክንፍ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው፣ ክብ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ገባ ያለ? ከንፈሮቹ ለስላሳ ናቸው ወይስ የተሸበሸቡ? በላይኛው መንጋጋ መካከል ጥርስ የመሰለ ጉብታ አለ? የአየር ከረጢቱን የሚሸፍነው የአጥንት ቤት ቅርጹ ምን ይመስላል? ይህ የመጨረሻው ዓሣዋን መክፈት ወይም በኤክስሬይ ማንሣት ስለሚጠይቅ ናሙናው አንድ ብቻ ከሆነ ለሙዚየም ባለሙያ ይተው።

ወንድና ሴትም አይምታቱ። በዚህ አስተኔ ብዙ ዝርያዎች ወንዱ በመራቢያ ወቅት የደረት ክንፉ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ያወጣል፣ ከዓይኑ ሥርም በአንዳንዶቹ ሰርጎ የገባ ወይም የወጣ ቆዳ ይታያል። ከአንድ ወንዝ ወንድ፣ ከሌላው ሴት ይዞ ሁለት ዝርያ አገኘሁ ማለት የታወቀ ወጥመድ ነው። ቀለምን በተመለከተ ደግሞ ሎች ስትደነግጥ ትገረጣለች፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የዋለች ትጠቁራለች፤ የጎን ነጠብጣቦቿ ብዛትና ቅርጽ ይመዝገብ እንጂ ፍርድ የሚሰጥበት የመጨረሻው ምልክት ይሁን።

ወገኑንና ዝርያውን መወሰን

አሁን ብቻ መጽሐፉ ይከፈት። በእጅ ያለውን መዝገብ በ1902ና በ2013 ከታተሙት መግለጫዎች ጋር አንድ በአንድ ያነጻጽሩ፤ የማይገጥመውን በቀይ ያስምሩበት። ብዙ ሰው የሚገጥመውን ብቻ ፈልጎ ይቆማል፤ ዝርያን የሚለየው ግን የማይገጥመው ነው።

የተያዘችበት ተፋሰስ ትልቅ ፍንጭ ነው። የዓባይ ተፋሰስና የኦሞ ቱርካና ተፋሰስ ዛሬ የተለያዩ ናቸው፤ ጣናም ራሱ ከታችኛው ዓባይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ የተከለለ ነው፣ 40 ሜትር የሚያህለውን ገደል ዓሣ ሽቅብ አይወጣውምና። ከኦሞ ገባር ከጎጀብ የመጣች ዓሣ አፍሮኔማኬይሉስ ካፋ፣ ከጣና የመጣች አፍሮኔማኬይሉስ አቢሲኒኩስ ናት ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። መጠርጠር ግን መወሰን አይደለም። መገኛዋን አይቶ ስም የሰጠ ሰው ኋላ «ዝርያዋ የምትኖረው እዚህ ተፋሰስ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ያረጋገጠው የራሱን ግምት ነው። እኔ ዓሦቹን የምቆጥረው ጠርሙሶቹን በቁጥር ብቻ ለይቼ፣ መገኛቸውን ሌላ ሰው ይዞልኝ ነው።

የዘረ መል ምርመራም በዚሁ መንፈስ ይያዝ። የተለመደው ሲኦአይ የተባለው የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል 650 ያህል ፊደላት ማንበብ ሲሆን፣ ውጤቱ በዓለም አቀፍ ማኅደሮች ካሉት ጋር ይነጻጸራል። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ስም ግን ያስገባው ሰው የሰጠው ስም ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ኮምፒዩተሩም አብሮ ይሳሳታል። በተጨማሪ ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ስለሆነ፣ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ከሆነ የአባትን ወገን አይናገርም። ስለዚህ የዘረ መሉ ውጤትና የክንፍ ቆጠራው ሲስማሙ ደስ ይላል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሁለቱም እንደገና ይታያሉ።

ስሙ ሲጻፍ ወጉ ይጠበቅ። አፍሮኔማኬይሉስ አቢሲኒኩስ (ቡላንዤ፣ 1902) ተብሎ ሰያሚው በቅንፍ የሚገባው፣ እርሱ ሲሰይማት በሌላ ወገን ሥር ስለነበረች ነው። አፍሮኔማኬይሉስ ካፋ ግን ከመጀመሪያውም በዚሁ ወገን ሥር ስለተሰየመች ያለ ቅንፍ ፕሮኮፊየቭና ጎሉብትሶቭ፣ 2013 ተብሎ ይጻፋል። ወገኑ እርግጥ ሆኖ ዝርያው ካልተወሰነ ከወገኑ ስም ቀጥሎ «ኤስፒ» የሚል አጽሕሮት ይገባል፤ ከአንዱ ዝርያ ጋር ተቀራርባ ጥቂት ምልክት የማይገጥም ከሆነ ደግሞ በወገኑና በዝርያው ስም መካከል «ሲኤፍ» ይጻፋል፤ ትርጉሙ «አነጻጽር» ነው። «ኤስፒ» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍራቸው ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ከአምስት ዓመት በኋላ ጠርሙሱን የሚከፍተው ሰው ግን በድፍረት ከተጻፈ የተሳሳተ ስም ይልቅ ይህን ያመሰግናል።

ናሙናው በመጨረሻ የሚቀመጠው በግለሰብ መደርደሪያ ሳይሆን በሕዝብ ስብስብ ነው፤ በሀገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለዚህ ይሆናል። የመዝገብ ቁጥሩን ተቀብለው በደብተርዎ፣ በፎቶግራፉ ስምና በዘረ መሉ ቁራጭ ጠርሙስ ላይ አንድ ዓይነት አድርገው ይጻፉ። ለማስተማሪያ ከእርስዎ ጋር የሚቀሩ ጥቂት ዓሦች ካሉ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የአልኮሉን ልክ ይመልከቱ። ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አልኮል ይተናል፤ ክንፏ ከአልኮሉ በላይ የቀረች ሎች በአንድ በጋ ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ትሰባበራለች፣ ዘንጎቿንም ከዚያ በኋላ የሚቆጥር የለም።